ከጭስ በላይ፣ ከጀሶ በታች፦ የኮርኒስ ታሪክ በወልቂጤና በቡታጅራ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለእንግዶች የቀረበ የአደባባይ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታሪክ አልቆብህ ነው ወደ ኮርኒስ የወጣኸው?» ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የታሪክ ጥናታችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ጽፏል። ቤትን ያጠኑትም ቢሆኑ ግድግዳውን ለክተው፣ በሩን ቆጥረው፣ ክዳኑን ከውጭ ሥለው ይመለሳሉ። ሰው ተኝቶ ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው የሚኖረውን ነገር ግን ቀና ብሎ የመዘገበ ጥቂት ነው። እስቲ አሁን ሁላችሁም ቀና በሉ። (ሳቅ) ይህ ከራሳችን በላይ ያለው ነጭና ለጥ ያለ ገበታ ከየት መጣ? ከመምጣቱ በፊትስ በቦታው ምን ነበረ?

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በጉራጌ ከተሞች ኮርኒስ የገባው ለውበት ብቻ አልነበረም። ምድጃው ከዋናው ቤት በወጣበት ጊዜ ገባ፤ ከገባም በኋላ ምድጃው እንዳይመለስ መንገዱን ዘጋበት። ስለዚህ የኮርኒስን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው የጭስን ታሪክ ይጽፋል። የጭስን ታሪክ የሚጽፍ ደግሞ ጭሱን ማን ይተነፍሰው እንደ ነበረና ማን እንደሚተነፍሰው ሳይጠይቅ ሊያልፍ አይችልም። ዓመቶቹን የምጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሌላ ሲሆን እናገራለሁ።

በቃሉ ልጀምር። ጣሪያ የራሳችን ቃል ነው፤ ዝናብና ፀሐይ የሚመታውን የቤቱን ራስ ይጠራል። ኮርኒስ ግን እንግዳ ነው። ጣሊያኖች ኮርኒቼ፣ ፈረንሳዮች ኮርኒሽ፣ እንግሊዞች ኮርኒስ የሚሉት ነገር በእነርሱ ዘንድ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚሮጠው ጌጠኛ ቅርጽ ነው። እኛ የጠርዙን ስም ወስደን ለመላው ገበታ ሰጠነው። ይህ የቋንቋ ስሕተት አይመስለኝም። ያንን ገበታ የሚጠራ ቃል አልነበረንም፤ ምክንያቱም ነገሩ ራሱ በቤታችን ውስጥ አልነበረም። ከዙሪያው ያሉት የሙያ ቃላትም ተመሳሳይ መንገድ ይነግሩናል፦ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ላሜራ፣ ጀሶ፤ አራቱም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። በአንጻሩ ምሰሶ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ክዳን፣ ጉልላት የሚሉት የጎጆው ቃላት ሁሉ የአገር ቤት ናቸው። አንድ የወልቂጤ አናጢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ወራጁ ላይ ሞራሌ ምታ» ሲል ሁለት ዘመናትን በአንድ ሚስማር እያጋጠመ ነው።

አሁን ወደ ጎጆው እንግባ። የጉራጌ ቤት በውበቱ የታወቀ ነው፤ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ሲታይ ማንም መንገደኛ ይቆማል። ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመውና ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ባለበት መጽሐፉ፣ ፊሊፕ ሌቤልም እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ጉራጌ የቤት አሠራር ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ቤት ቦታ ሰጥተውታል። እኔ ዛሬ የምፈልገው ግን ከውስጥ፣ ቀና ብሎ የሚታየውን ነው። በመካከል ምሰሶው ይቆማል። ከምሰሶው ላይ ደጋፊ እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ዘንጎች ወደ ዙሪያው ይዘረጋሉ። በእነርሱ ላይ ወራጆቹ ከጉልላቱ ወደ ግድግዳው ይወርዳሉ፤ በወራጆቹ ላይ ደግሞ ክብ ማገሮች ከትልቅ ወደ ትንሽ እየጠበቡ እስከ ጫፉ ይወጣሉ። ሁሉም በሚስማር ሳይሆን በማሰሪያ የተያያዘ ነው። ይህን ሥራ ተኝቶ ያየ ልጅ የቤቱን አሠራር ከነምክንያቱ ያውቀዋል። የትኛው እንጨት የትኛውን እንደ ተሸከመ ይታያልና።

ይህ ሁሉ ግን ጥቁር ነው፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር። ምድጃው ከምሰሶው ብዙም ሳይርቅ ይነድዳል። ጭሱ መውጫ ጭስ ማውጫ የለውም፤ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ሣር ውስጥ ተጣርቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከሩቅ ያየ ሰው ጎጆው ራሱ የሚተነፍስ ይመስለዋል። ጭሱ ሲያልፍ ሥራ ይሠራል፤ ሣሩን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ከእንጨቱ ያርቃል፣ ማሰሪያውን ያጠነክራል፣ በቆጥ ላይ የተቀመጠውን ዘርና ዕቃ ይጠብቃል። ሰው ለቆ የሄደው፣ እሳት የማይነድድበት ጎጆ በጥቂት ክረምት እንደሚበሰብስ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ኮርኒስ ብናስገባ ምን ይሆናል? ጭሱ በሰው ቁመት ላይ ይታፈናል፤ ክዳኑም ጠባቂውን ያጣል። ጎጆው ኮርኒስ ያጣ ቤት አልነበረም፤ ኮርኒስ የሚገድለው ቤት ነበር።

ስለ ሠሪዎቹም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የምደብቀው ነገር ይሆናል። በሻክና በሌሎችም ጽሑፎች እንደ ተመዘገበው፣ ምሰሶውን የሚያቆሙትና የእንጨቱን ሥራ የሚሠሩት የእጅ ባለሙያዎች በማኅበረሰቡ ዘንድ የተገለሉ ነበሩ። በጥናቶቹ የሚጠሩበት «ፉጋ» የሚለው ስም ዛሬ እንደ ስድብ የሚቆጠር ስለሆነ ደጋግሜ አልጠራውም። መሬት አርሰው እንሰት እንዲተክሉ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ እጃቸው የምድርን ፍሬ ያጎድላል ተብሎ ይታመን ነበርና። የቤቱን እምብርት እንዲያቆሙ ግን ይጠሩ ነበር። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባወራ ማታ ማታ ጋደም ብሎ የሚያየው ጥበብ ጎረቤቱ ሊያደርገው የማይፈቅደው ሰው እጅ ሥራ ነበር። ይህን በልባችን ይዘን እንቀጥል።

ለውጡ የመጣው በቆርቆሮ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ተቆረቆረች፤ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ቆርቆሮ ከባድና ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ሲመጣ የመኳንንት ክዳን ነበር፤ በባቡር ሲመጣ ለነጋዴውም ደረሰ። በእነዚያው ዓመታት የጉራጌ ሰው ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ነበር። ጉድጓድ ቆፈረ፣ ድንጋይ ተሸከመ፣ ጭቃ ረገጠ፣ በኋላም ሱቅ ከፈተ። የሌላውን ሰው ቆርቆሮ ቤት የሠራ እጅ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ ያየውን ይዞ ይመለሳል። መስቀል በጉራጌ የክትፎና የምርቃት በዓል ብቻ አይደለም፤ የቤት ዕድሳት ቀነ ገደብም ነው። ከመስከረም በፊት ግድግዳ ይመረጋል፣ ክዳን ይጠገናል፤ ከከተማ የተላከው ገንዘብ ወደ ቤት የሚለወጠው በዚህ ሰሞን ነው።

ወልቂጤና ቡታጅራ ያደጉት በመንገድ ዳር ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ናት። በቡታጅራ በኩል ያለፈው የዓለምገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይሆንም፤ በ1950ዎቹ ተወላጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው በማኅበር ያሠሩት ነውና። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ ማኅበር የከተማና የገጠር ትስስር ማሳያ አድርገው ተንትነውታል። እኔ በዚያ ትንተና ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። መንገዱ የጫነው ሰውና ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ታች ቆርቆሮና ሚስማር፣ ወደ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ አጣና ጭኗል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ሲሆን፣ የጉራጌ ገበሬ ዋና የገንዘብ ሰብሉ አድርጎታል። የአዲስ አበባ መወጣጫ ሁሉ የቆመው በከፊል በዚህ አገር አጣና ነው።

ቆርቆሮ የሣርን ሥራ ሁሉ አልወረሰም። ውኃ አያስገባም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አይተነፍስም። ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዝና የሰው ትንፋሽ ከሥሩ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። የሐምሌ ዝናብ፣ ይልቁንም በረዶ ሲወርድበት፣ በቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች መነጋገር አይችሉም። በቆርቆሮ ሥር ያስተማረ መምህር ሁሉ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ የቆመበትን ቀን ያስታውሳል። ጭሱም መውጫ ስለሌለው ከክዳኑ ሥር ተንሳፍፎ ይመለሳል፤ ጥቀርሻውም ከጠሉ ጋር ተቀላቅሎ በነጭ ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የቆርቆሮ ቤት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ጠየቀ፤ ከክዳኑ ሥር ሌላ መጋረጃ እንዲዘረጋና ምድጃው ወደ ውጭ እንዲወጣ። ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው መልስ አያገኙም። ጭስ ባለበት ቤት ነጭ ኮርኒስ ለአንድ ክረምት እንኳ ነጭ ሆኖ አይቆይም።

የመጀመሪያው መልስ አቡጀዴ ነበር። ጨርቁ ተሰፍቶ በክፍሉ ልክ ይዘጋጃል፤ በግድግዳው ጫፍ ዙሪያውን በተመታ ቀጭን እንጨት ላይ ይወጠራል፤ ከዚያ ኖራ ወይም ጀሶ በውኃ ተበጥብጦ ይቀባል። ሲደርቅ ይከረራል፣ ይነጣል፣ ክፍሉም ይበራል። በኩራዝ ዘመን ይህ ብርሃን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጥቁሩ ጣሪያ የሚውጠውን የመብራት ጭላንጭል ነጩ ጨርቅ ይመልሰዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጨርቁ ይረግባል፤ እንደ ቦርጭ ወደ መሃል ይወርዳል። አይጥም በላዩ ላይ ትሮጣለች፤ የእግሯ ዱካ ከሥር ይታያል። ልጆች ሆነን በትራሳችን ላይ ጋደም ብለን የትኛዋ አይጥ እንደምትቀድም እንወራረድ ነበር። ክዳኑ ያፈሰሰበት ቦታ ደግሞ ቡናማ ካርታ ይሥላል፤ እናቶች ያንን ካርታ አንብበው የትኛው ሚስማር እንደ ላላ ለጠጋኙ ይነግሩታል። የጨርቅ ኮርኒስ ይህ በጎነት ነበረው፤ የጣሪያውን በሽታ አይደብቅም።

ከአቡጀዴ በኋላ ቺፑድና ስስ የእንጨት ገበታ መጣ። በሞራሌ ርብራብ ላይ ገበታው ይመታል፤ መጋጠሚያው በቀጭን ዝርግ እንጨት ይሸፈናል። ክፍሉ በካሬ የተከፋፈለ ሰማይ ይኖረዋል። በዚህ ዘመን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችሁም ያደጋችሁበት ነውና። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞረ በኋላ፣ በቀበሌ እጅ በገቡት የኪራይ ቤቶች ኮርኒስ ቀድሞ የሚጎዳና መጨረሻ የሚጠገን አካል ሆነ። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አይነካውም፤ አከራዩ ክፍል ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ አያድሰውም። ገበታው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በላዩም ጋዜጣ ይለጠፍበታል። በወልቂጤ አንድ ቤት እንዲህ ያለ ኮርኒስ ላይ የተለጠፈ የአዲስ ዘመን ገጽ አንገቴን ቀና አድርጌ ሳነብ ባለቤቲቱ «ልጄ፣ እሱ ያረጀ ወሬ ነው» አሉኝ።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። ከዋናው ቤት ሲወጣ የት ሄደ? በጓሮ ወዳለች ትንሽ ማድ ቤት። ማድ ቤቷ ቆርቆሮ ወይም ሣር ለብሳለች፤ ኮርኒስ ግን የላትም። ሳሎኑ አንድ ጊዜ በአቡጀዴ፣ አንድ ጊዜ በቺፑድ፣ አሁን በጀሶ ሲለብስ እርሷ እንደ ነበረች ናት። የቡታጅራ አካባቢ ከሌሎች አገሮች በተለየ ይህን በቁጥር ልናየው የምንችልበት ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የቡታጅራ የገጠር ጤና ጥናት ፕሮግራም ቤት ለቤት መረጃ ሲሰበስብ ኖሯል። አበራ ኩሚና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከሦስት ሺህ በላይ በሆኑ ቤቶች ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን ለክተው፣ አማካዩ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ካስቀመጠው ጣሪያ ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ጥናቱ ስለ ገጠር ቤቶች ነው፤ የማገዶ እሳት ግን ከተማ ሲገባ ባሕርዩን አይለውጥም። የከተማው ሳሎን ጸዳ ስንል ያጸዳነው እንግዳ የሚቀመጥበትን ክፍል ነው። ጭሱ አልጠፋም፤ ወጥ የምትሠራውና እንጀራ የምትጋግረው ሴት ጋር፣ በጀርባዋ ካዘለችው ሕፃን ጋር ቀረ። በጎጆው ዘመን አባወራውና እንግዳውም ከዚያው ጭስ ይካፈሉ ነበር። ጎጆውን ለማወደስ አይደለም ይህን የምለው፤ በጎጆ ጭስ ዓይናቸው የጠፋ አያቶች አሉን። የምለው ኮርኒሱ ድርሻውን እንዳልቀነሰ፣ አከፋፈሉን ብቻ እንደ ለወጠ ነው።

እንግዲህ ጀሶ። ጀሶ ማለት በውስጡ ውኃ ያሰረ ድንጋይ ነው፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውኃ ነው። ሲቃጠል አብዛኛውን ውኃውን ይለቅቃል፣ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ውኃ ሲያገኝ በደቂቃዎች ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። አገራችን ከዚህ ድንጋይ አልተነፈገችም፤ በዓባይ በረሃ ግድግዳ ላይ፣ በጎሐ ጽዮን ስም በሚጠራው የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ሲሚንቶው ፈጥኖ እንዳይጠነክር ይጨምሩታል። ብዙው የከተማ ሰው ጀሶን የሚያውቀው ግን ከእንጀራ ጋር ተቀላቀለ በተባለው ወሬ ነው፤ ያ የሌላ ቀን ንግግር ይሁን። ጀሶን በሁለት ወረቀት መካከል አድርጎ ገበታ የማውጣት ብልሃት የአሜሪካዊው የአውግስቲን ሳኬት ነው፤ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1894 አስመዘገበ፣ ኩባንያውንም ዩናይትድ ስቴትስ ጂፕሰም እ.ኤ.አ. በ1909 ገዛው። በእኛ ከተሞች ጂፕሰም ቦርድ የሚባለው ይህ ገበታ ከፎቅ ቤት ግንባታ ጋር ተስፋፋ። ጀሶ የድሮው የእጅ ልስን፣ ጂፕሰም ደግሞ የአሁኑ ገበታ ስም ሆኖ ቀረ፤ አንዱን ድንጋይ አንዱን ጊዜ በጣሊያንኛ፣ ሌላውን ጊዜ በእንግሊዝኛ እንጠራዋለን።

ይህ ኮርኒስ ከቀደሙት የሚለየው ዝቅ ብሎ የሚሰቀል በመሆኑ ነው። አቡጀዴውም ቺፑዱም ክዳኑ ባለበት ይሰፉ ነበር። ጂፕሰሙ ግን የራሱን ከፍታ ይመርጣል። ይህን በደንብ የተረዳሁት በቡታጅራ በአንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ከመሬት በታች ባለው ወለል፣ ባለሙያዎቹ ቤዝመንት በሚሉት፣ የሦስት ቀን ሥራ ቆሜ ባየሁ ጊዜ ነው። ወለሉ ቀድሞ ተጠናቅቆ ሴራሚክ ለብሷል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፤ ባለንብረቱ ዕቃ ቤት የነበረውን ወደ አዳራሽ ሊለውጠው ፈልጓል። ከራስ በላይ ግን የኮንክሪቱ ተሸካሚ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦና የላይኛው ፎቅ የፍሳሽ መስመር ተጋልጧል። እንዲሸፈን የተፈለገው ይህ ነው።

ሦስት ወጣቶች ነበሩ፤ ታላቁ ከሃያ አምስት አይበልጥም። መጀመሪያ የሠሩት ሥራ መለካት ነበር፤ የለኩትም ከፍተኛውን ሳይሆን ዝቅተኛውን ነጥብ ነው። የፍሳሽ ቱቦ ለጥ ብሎ አይሄድም። በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሳንቲም ሜትር ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህ በአንዱ ጥግ ከኮንክሪቱ ጋር ተጣብቆ የጀመረው ቱቦ በሌላው ጥግ ከአንድ ስንዝር በላይ ወርዶ ይገኛል። የኮርኒሱን ከፍታ የሚወስነው ያ የወረደው ጫፍ ነው። ባለንብረቱ «ከፍ አድርጉልኝ፣ ዋሻ አታስመስሉት» ይላል፤ ታላቁ ልጅ በትሕትና «ጋሼ፣ ቱቦው ነው እንጂ እኛ አይደለንም ዝቅ ያደረግነው» ይለዋል። በመጨረሻ የደረሱበት ስምምነት ብልህ ነበር። ቱቦው ባለበት ጠርዝ ብቻ ኮርኒሱ እንደ ሣጥን እንዲወርድ፣ መሃሉ ግን ከፍ ብሎ እንዲቀር አደረጉ። ያ የወረደው ጠርዝ በኋላ መብራት ገብቶበት እንደ ጌጥ ታየ። በየካፌው የምናደንቃቸው ደረጃ ያላቸው ኮርኒሶች ሁሉ እንዲህ ከቱቦ የተወለዱ ናቸው አልልም፤ ጥቂቶቹ ግን ናቸው።

ከዚያ በግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልተው የአራቱን ማዕዘን ልክ አወጡ፤ ቀለም የተነከረ ሲባጎ ወጥረው በግድግዳው ላይ መስመር መቱ። በመስመሩ ላይ የላሜራ ጠርዝ ዙሪያውን ታሰረ። ከኮንክሪቱ ማንጠልጠያዎች ወረዱ፤ በየ1 ሜትር ከ20 ዋናዎቹ የላሜራ ዘንጎች፣ ከእነርሱ ሥር ደግሞ በየ40 ሳንቲም ሜትር ቀጫጭኖቹ ተሻግረው ተገጠሙ። እዚህ ላይ ራሴን የጠየቅሁት ነገር አለ። ከላይ ተሰቅሎ የሚወርድ፣ በዋና ዘንግና በተሻጋሪ የተሠራ ርብራብ፣ ይህ ወራጅና ማገር አይደለም ወይ? ልዩነቱ ወራጅና ማገር ለዓይን የተሠሩ ሲሆኑ ይህኛው ሊሸፈን የተሠራ መሆኑ ነው። በእንጨት ያልሠሩት ለምን እንደ ሆነ ስጠይቅ መልሱ አጭር ነበር፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሲጣመምም መጋጠሚያውን ይሰነጥቀዋል። የጎጆው ማሰሪያ የእንጨቱን መጣመም እየተከተለ ይላላና ይጠብቅ ነበር፤ ጂፕሰም ይቅር አይልም።

ገበታው ከመመታቱ በፊት ታላቁ ልጅ ሥራውን አቆመ። የላይኛው ፎቅ የውኃ መስመር ተከፍቶ አንድ ሌሊት እንዲያድር ጠየቀ። ባለንብረቱ ቸኩሎ ነበር፤ ልጁ ግን አልተናነቀም፣ አልሠራምም። ጠዋት ስንመጣ በአንድ መጋጠሚያ ሥር ሴራሚኩ ላይ መዳፍ የምታክል ውኃ ተኝታለች። ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ነው ገበታው ከተሻጋሪዎቹ ጋር መስቀለኛ ሆኖ፣ መጋጠሚያዎቹ እንዳይገጣጠሙ ተዛንፈው የተመታው፤ ብሎኑም ወረቀቱን ሳይቀድድ ትንሽ ገባ እስኪል ብቻ ይጠብቃል። በቱቦው መጋጠሚያ ሥር አንድ ሰው ትከሻውን የሚያስገባበት መክፈቻ ተተወ። ባለንብረቱ ይህንንም አልወደደውም ነበር፤ ነጩን ገበታ አበላሸብኝ ብሎ። የአቡጀዴውን ቡናማ ካርታ አስታወሰኝ። ጂፕሰም የጣሪያውን በሽታ ለረጅም ጊዜ ደብቆ በአንድ ቀን ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ አፍ ሊተውለት ይገባል።

የጠርዙን ጌጥ በእጅ ሲሠሩ ደግሞ ከጆንያ ውስጥ ቃጫ አውጥተው በተበጠበጠው ጀሶ ነከሩት። ጀሶ ብቻውን ይሰበራል፤ ቃጫው ሥር ሆኖ ይይዘዋል። ከየት እንደ መጣ ስጠይቅ «ከዚሁ ከገበያ፣ የእንሰት ነው» አሉኝ። የእንሰት ቃጫ ድሮም ገመድና ማሰሪያ ነበር፤ አሁን ማንም በማያየው ቦታ፣ በነጭ ጀሶ ውስጥ ተቀብሮ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለተማሪዎቻችን የምጨምረው የአሠራር ነገር አለ። ከኮርኒስ በላይ ያለው ጨለማ ቦታ መዝገብ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት በወልቂጤ ሊፈርስ ምልክት የተደረገበት አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ባለቤቲቱ ፈቅደውልኝ፣ በጂፕሰሙ መክፈቻ በኩል ባትሪ ይዤ ወጥቼ ነበር። ከጂፕሰሙ በላይ የቺፑዱ ሞራሌዎች ከነሚስማራቸው አሉ። ከሞራሌዎቹ በላይ፣ በግድግዳው ጫፍ፣ አቡጀዴው የተወጠረበት ቀጭን እንጨት ከነጨርቁ ቅዳጅ ተጣብቆ ቀርቷል። ከዚያ በላይ ቆርቆሮውን የተሸከሙት ወራጆች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል አራቱ ጥቁር ነበሩ። በጣቴ ስነካቸው ያብረቀርቃሉ። በጫፋቸው የማሰሪያ ጭረት ይታያል። ከአንድ የፈረሰ ጎጆ ተነቅለው እንደ ገና ያገለገሉ እንጨቶች መሆናቸው ነው። የጠረባቸውን እጅ ስም ማንም አልጻፈም፤ በዚያ ዘመን ስሙን ለመጻፍ የሚያስብ አልነበረም። ንድፍ አውጥቼ፣ ለክቼ፣ ፎቶግራፍ አንሥቼ ወረድሁ። በከተማዋ ፕላን መንገድ የሚያልፍባቸው እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከመፍረሳቸው በፊት ባትሪና ሜትር ይዞ የሚወጣ ተማሪ እፈልጋለሁ። አቧራ ይበዛዋል፤ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ስወርድ ባለቤቲቱ በጓሮው ማድ ቤት ምጣድ ጥደው ነበር። ምን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። የድሮ ጥቁር ወራጅ እንዳገኘሁ ነገርኋቸው። በእጃቸው ጭሱን ገፋ አድርገው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ወደ ማድ ቤቷ ቆርቆሮ ቀና አሉና «ጥቁር ለማየት እዚያ ድረስ መውጣት ነበረብህ?» አሉኝ።